ካርቶኑ ንጹሕ ሆኖ አደረ፦ ለጋሼ የማቀርበው ምስጋና

ዛሬ ጠዋት ከመኪናዬ ሥር ያነጠፍኩትን ካርቶን ጎትቼ አወጣሁት። ንጹሕ ነው። አንዲት የዘይት ጠብታ የለችበትም። ይኸው ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲሁ ንጹሕ ሆኖ እያደረ ነው። «ሦስት ሳምንት ካልፈሰሰ ምስጋናዬን በአደባባይ እጽፋለሁ» ብዬ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር። ቀኑ ደረሰ፤ ጻፍኩ።

የማመሰግናቸው አንድ መካኒክ ናቸው። ስማቸውን ግን አልጠራም። ልጽፍ ነው ስላቸው «ሥራውን ንገሪያቸው፣ ስሜን ተዪው» አሉኝ። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። እዚህም ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

መኪናዬ ባለ አራት ሲሊንደር የቤንዚን መኪና ናት። ዕድሜዋ ገፍቷል፣ ግን እወዳታለሁ። ከአምስት ወር በፊት የተቃጠለ ዘይት መሽተት ጀመረች። መብራት ይዞኝ ስቆም ከኮፋኖው በኩል ይሸተኛል። ከዚያ የቆመችበት ቦታ ላይ ጠብታ ማየት ጀመርኩ። ቡናማ ነው፤ በጣት ሲነኩት ያሙለጨልጫል። የራዲያተር ውሃ ቢሆን አረንጓዴ ወይም ሮዝ ይሆን ነበር። ከኤሲ የሚንጠባጠብ ውሃ ደግሞ ቀለም የለውም። ይሄ የሞተር ዘይት ነው። የዘይት መለኪያውን ዘንግ ሳወጣ ወደ ታችኛው ምልክት ሊደርስ ትንሽ ቀርቶታል። በብዙ መኪኖች ከላይኛው እስከ ታችኛው ምልክት ያለው ልዩነት 1 ሊትር ገደማ ነው። ሞልቼው ከነበረ ገና ሦስት ሳምንቱ ነው። ደነገጥኩ።

ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ከሥር ገብተው አዩ። ሞተሩና ካምቢዮው የሚገጣጠሙበት ቦታ በዘይት ርሷል። «የኋላው ኦይል ሲል ነው፤ ካምቢዮው መውረድ አለበት» አሉኝ። ኦይል ሲሉ የክራንክ ሻፍቱን፣ ማለትም የሞተሩን ዋና ዘንግ፣ ጫፍ ከብቦ ዘይት የሚይዝ የጎማ ቀለበት ነው። ዕቃው ትንሽ ነው። እሱ ጋ ለመድረስ ግን ካምቢዮውን ሙሉ በሙሉ ማውረድ ግድ ይላል። ብዙ ሥራ ነው፣ ብዙ ወጪም ነው። «አስቤበት እመለሳለሁ» ብዬ ወጣሁ።

ከዚያ ራሴ ገባሁበት። ከላይ ሞተሩን የሚሸፍነው የቫልቭ ክዳንም ዙሪያውን ርሶ ስለነበር፣ ምናልባት ከዚህ ይሆናል ብዬ ጓርኒሲዮኑን፣ ማለትም የክዳኑን ማሸጊያ ጎማ፣ ገዝቼ ቅዳሜ ከሰዓት ግቢ ውስጥ ቀየርኩት። አንድ ሳምንት ደረቅ ሆነ። ደስታዬን አልነግራችሁም። በስምንተኛው ቀን ጠብታው ተመለሰ። እንደገና ከፈትኩት። በዚህኛው ዙር ጓርኒሲዮኑ ላይ ዙሪያውን ሲሊኮን ለጠፍኩበት፣ ብሎኖቹንም ባለ በሌለ ኃይሌ አሰርኳቸው። ባሰበት። ያን ቀን ማታ እጄን በሳሙና እያሸሁ እንባዬ መጣ። ዘይቱ ከጥፍሬ ሥር አልወጣ ብሎ ሳይሆን፣ የማውቀውን ሁሉ አድርጌ ያው መሆኑ ነው ያናደደኝ።

ጋሼን የጠቆመችኝ ጎረቤቴ ናት። ድሮ ጋራዥ ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርተዋል፤ አሁን ቤት ለቤት እየሄዱ ነው የሚሠሩት። ስደውልላቸው «ሞተሩ ቀዝቅዞ ይጠብቀኝ» ብቻ አሉኝ።

መጡ። ኮፋኖውን ክፈቺ ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ ካርቶኑ ፊት ቁጢጥ አሉና ጠብታዎቹ የት የት እንዳረፉ አዩ። ከዚያ ጠየቁኝ። መቼ ጀመረ? ቆማ ነው የምታንጠባጥበው ወይስ ነድተሽ ስትመለሺ? ዘይት መጨረሻ የተቀየረው መቼ ነው? ፊልትሮውን ማን ቀየረው? አሮጌው የፊልትሮ ጎማ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ አዲሱ በላዩ ከተገጠመ ዘይት ያፈሳል፤ እሱን ለማጣራት ነው። ጓርኒሲዮኑን ሁለት ጊዜ እንደከፈትኩት ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ምንም አላሉኝም። የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት መፍቻ አልነኩም።

በዚያ አንድ ሰዓት ሞተሩን አጠቡት። ዲናሞውንና የኤሌክትሪክ መገጣጠሚያዎቹን በፌስታል ሸፈኑ። ቅባት የሚያለቅቅ ፈሳሽ ረጩ፣ በብሩሽ ፈተጉ፣ አጥበው በጨርቅ አደረቁ። ከዚያ ከቦርሳቸው የሕፃን ፓውደር አወጡ! የሞተሩን ጎንና ጀርባ፣ እስከ ካምቢዮው ድረስ ነፉበት። ሁሉም ነጭ ሆነ። «በይ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ነድተሽ ነይ» አሉኝ።

ስመለስ በትንሽ መስታወትና በባትሪ ወደ ሞተሩ ጀርባ አሳዩኝ። ያየሁትን መቼም አልረሳውም። በነጩ ፓውደር ላይ ቀጭን ቡናማ መስመር ተስሏል። የሚነሳው ከቫልቭ ክዳኑ ጥግ ነው፣ ካምቢዮው ባለበት በኩል። ከዚያ በቴስታታው (በሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጀርባ ቁልቁል ይወርዳል፣ ከሥሩ ያለውን ብሎክ ይዞ ይሄድና ካምቢዮው መገጣጠሚያ ላይ ይጠራቀማል። ከሥር ለሚያየው ሰው የኋላው ኦይል ሲል ያፈሰሰ ነው የሚመስለው። «ዘይት ቁልቁል ይሄዳል፣ ስትነጂ ደግሞ ነፋሱ ወደ ኋላ ይገፋዋል» አሉኝ። «ስለዚህ የረጠበውን አትከተዪ፤ ከረጠበው ሁሉ ከፍ ብሎ ያለውን ፈልጊ።»

የኋላው ኦይል ሲል ደህና ነበር። ካምቢዮው መውረድ አልነበረበትም። ልብ በሉ፣ ጋሼ «አዎ፣ እናውርደው» ቢሉኝ አምናቸው ነበር። የሚያጣራልኝ ሌላ ሰው አልነበረም። እውነቱን ነው የነገሩኝ፤ እኔን የነካኝም ይሄ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ጓርኒሲዮኑን ቀይሮ ይሄድ ነበር። እሳቸው ግን ቆም ብለው አሰቡ። «ጓርኒሲዮኑ ገና አዲስ ነው። ታዲያ ምን ገፍቶ አስወጣው?» አሉ። የላስቲክ ጓንት አለሽ ወይ አሉኝ። ሰጠኋቸው። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተው ጓንቱን አፉ ላይ አለበሱት። ጓንቱ ቀስ በቀስ ተነፋ። አምስቱም ጣቶች ቆሙ፤ ሰው እጁን አንስቶ ሰላም የሚል ይመስል ነበር።

«ይኸውልሽ፣ ሞተርሽ መተንፈስ አቅቶታል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተር ሲሠራ ከሚቃጠለው ጋዝ ትንሹ በፒስተኑ ጎን ሾልኮ ወደ ታች፣ ዘይቱ ወዳለበት ይገባል። በማንኛውም ሞተር ያለ ነገር ነው። ያ ጋዝ መውጫ ይፈልጋል። መውጫውም ፒሲቪ የምትባል ትንሽ ቫልቭ ናት፤ ጋዙን መልሳ ወደ ሞተሩ አየር ማስገቢያ ትልከውና እዚያው ይቃጠላል። ቫልቯ ስትደፈን ጋዙ ይታፈናል። ግፊቱ ይጨምራል። ከዚያ ደካማ ቦታ ፈልጎ ዘይቱን ይዞ ይወጣል፤ ዛሬ በጓርኒሲዮን፣ ነገ በኦይል ሲል። እኔ ጓርኒሲዮን በቀየርኩ ቁጥር በሩን ነበር የምጠግነው። የሚገፋው ከውስጥ ነበር።

ቫልቯን ነቅለው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ጥቁር ጭቃ የመሰለ ዝቃጭ ሞልቷታል። «አወዛውዢያት» አሉኝ። ድምፅ የለም። አዲሷን ስናመጣ ስትወዛወዝ ቀጭ ቀጭ ትላለች፤ ውስጧ የሚንቀሳቀስ ፒን ስላለ ነው። የጎማ ቱቦዋም ደርቆ ተሰነጣጥቆ ስለነበር አብሮ ተቀየረ። ጋሼ ግን እዚህም ላይ አልቸኮሉም። «ይህን ቀይረን እንደገና እንለካለን። ያን ጊዜም ከተነፋ የፒስተን ቀለበቶቹ አልቀው ይሆናል፤ እሱን ያን ጊዜ እነግርሻለሁ» አሉ።

ከዚያ የቫልቭ ክዳኑ ተከፈተ። እኔ የለጠፍኩት ሲሊኮን በውስጥ በኩል ተርፎ ተንጠልጥሏል። አንዱን ቁራጭ በሁለት ጣታቸው ሲይዙት እንደ ክር ተላቀቀ። «ይሄ ተቆርጦ ቢወርድ የዘይት ፓምፑን ወንፊት ይደፍነዋል። ዘይት ያጣ ሞተር ደግሞ ወዲያው ነው የሚያልቀው» አሉኝ። ሆዴ ተሸበረ። አልተቆጡኝም ግን። ወደ ውስጥ የገባ እንዳለ አንድ በአንድ ፈለጉ፣ የተንጠለጠለውን ሁሉ ለቀሙ፣ እኔም አብሬያቸው ለቀምኩ።

የተቆጡኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። መኪናዋን በክሪክ ብቻ አንስቼ ከሥር እገባ እንደነበር ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። «ሌላውን ሁሉ ተሳስተሽ ትማሪያለሽ። ይህን ግን ተሳስተሽ አትማሪውም» አሉኝ። ክሪክ ማንሻ እንጂ መደገፊያ አይደለም። ከጎማዎቹ ሥር ታኮ ይደረጋል፣ የብረት መደገፊያ ይገባል፣ መኪናዋ ተገፍታ ትሞከራለች፣ ከዚያ ነው ሰው ከሥር የሚገባው። አሁን መደገፊያ ገዝቻለሁ።

ለመግጠሙ ዕቃውን ለእኔ ሰጡኝ። «አንቺ እሰሪው፤ ነገም የምትነጃት አንቺ ነሽ።» ሁለቱን ፊቶች በፕላስቲክ መፋቂያ አጸዳሁ። ቴስታታው አሉሚኒየም ስለሆነ የብረት መፋቂያ ይጭረዋል፣ ጭረቱ ደግሞ ራሱ የዘይት መንገድ ይሆናል። የቅባት ጠብታ እስኪጠፋ ድረስ በፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ ጠረግኩ። ሲሊኮን የገባው ሁለት ነጥብ ላይ ብቻ ነው፣ የታይሚንግ ክዳኑ ከቴስታታው ጋር በሚገጥምበት። መጠኑም የትንሽ ጣት ጥፍር አይሞላም። ሌላውን የሚይዘው ጎማው ራሱ ነው።

ብሎኖቹ ላይ ሲደረስ ጉልበት የሚለካውን መፍቻ አወጡ። የመኪናዬ መጽሐፍ 10 ኒውተን ሜትር ይላል። ከመካከል ጀምሮ ወደ ዳር፣ በሁለት ዙር። የመጀመሪያውን ብሎን ሳስር መፍቻው ቀጭ አለ። ማመን አቃተኝ፤ ገና ምንም አላጠበቅኩም መስሎኝ ነበር። ለካስ ያን ጊዜ በሙሉ ኃይሌ ስስበው ጎማውን እየጨፈለቅኩት ነበር።

«ዛሬ አትነሳም» አሉኝ። ሲሊኮኑ በደንብ እስኪይዝ 24 ሰዓት። ቆሻሻውን ዘይት በጀሪካን ከደኑ፣ መሬት ላይ የቀረውን ጠርገው ሄዱ። በማግስቱ ሳልደውልላቸው መጡ። ሞተሩ ተነሳ፣ ጓንቱ ተለበሰ። አልተነፋም። እንዲያውም ጣቶቹ ትንሽ ወደ ውስጥ ተሳቡ። ጋሼ ምንም ሳይሉ ፈገግ አሉና አዲስ ካርቶን አነጠፉልኝ።

የጠየቁኝ ክፍያ የሠሩትን ያህል ብቻ ነው። የተቀየሩትን ዕቃዎች አሮጌዎቹን ሳይቀሩ በላስቲክ አድርገው አስረከቡኝ።

አሁን ወደ ጥቆማው ልግባ። ዘይት የምታፈስ፣ ውሃ የምትጨርስ፣ ያልተለመደ ድምፅ የምታሰማ መኪና ያለችው ሰው ጋሼን ቢያገኝ ደስ ይለኛል። ለችኩል ሰው ግን አይሆኑም። ከሥራ በፊት ለማድረስ ብላችሁ ከጠራችኋቸው አይመቻችሁም፤ እሳቸው ሳያጸዱና ሳያዩ አይነኩም። የኮምፒውተርና የኤሌክትሪክ መስመር ችግር ከሆነ አልሠራም ብለው ራሳቸው ይነግሯችኋል። ስትጠሯቸው ሞተሩ የቀዘቀዘ፣ መኪናዋም ሜዳ ላይ የቆመች ትሁን። ከዚህ በፊት ምን እንደተቀየረ መቼ እንደተቀየረ ጽፋችሁ ብትጠብቋቸው ደግሞ በጣም ይወዳሉ። የምታውቁኝ ሰዎች በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ።

እሳቸውን ማግኘት ያልቻላችሁም ብትሆኑ፣ ካምቢዮ ይውረድ ከመባሉ በፊት መካኒካችሁን ሞተሩ ታጥቦ ታይቷል ወይ በሉት። መተንፈሻውስ ተፈትሿል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ጥሩ መካኒክ በዚህ አይከፋም።

ጋሼ፣ ይህን ልጅዎ እንድታነብልዎ ነግሬያታለሁ። እጅዎ ይባረክ። የዛሬውን ካርቶን አልጣልኩትም፤ በሚቀጥለው ሲመጡ አሳይዎታለሁ።