ሃይማኖት ነው ወይስ ሴትነት?
አንዷ ሙስሊም፣ አንዷ ክርስቲያን። ሁለት ሴቶች የሚዋደዱበት የፍቅር ኮሜዲ ደሴ ላይ ቢጻፍ፣ እንቅፋቱ የቱ ይሁን?

ሃይማኖት ከሆነ ወሎዬው አይዋጥለትም። እዚህ ከአንድ ቤት አህመድም ገብሬም ይወጣል። ለሠርግ ሁለት በሬ ይታረዳል፤ አንዱ በቢስሚላህ፣ አንዱ በስመአብ። ድስቱ ይለያያል፣ ዳሱ አንድ ነው። ሳቁም እዚያው አለ፦ ጭልፋ ያምታታች አክስት ስትደነግጥ ይታየኛል።

ሁለቱም ሴት መሆናቸው ግን ይከብዳል። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ፣ አንቀጽ 629፣ ያስቀጣል። ሽማግሌም አይላክበትም።

እኔ ይህንኛውን እመርጣለሁ። አቦሉ ተጠጥቷል፣ ቶናው አልተቀዳም። እናት ጀበናውን እንደያዘች፣ «ልጄ፣ ማንን ነው የምትወጂው?» ትላለች።