ስምንት መግቢያ፣ አራት ሲንተሳይዘር፣ 11 ወር

ይህን ባለ 8 መግቢያ የዩኤስቢ ኦዲዮ ኢንተርፌስ (የመሣሪያን ድምፅ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ሣጥን) ከገዛሁ 11 ወር ሞላኝ። በመጀመሪያው ሳምንት ብጽፍ ኖሮ ስለ ድምፅ ጥራቱ ብቻ ባወራሁ ነበር። አሁን ስለ ጥራቱ የምለው አጭር ነው፤ ባለ 24 ቢት ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ጆሮዬ የሚከስሰው ነገር አላገኘም። ቁም ነገሩ ያለው ገመዱ ላይ ነው።

ድሮ የነበረኝ ባለ 2 መግቢያ ነበር። አራት ሲንተሳይዘር (ድምፅ በኤሌክትሮኒክስ የሚፈጥር መሣሪያ) በሁለት ቀዳዳ ማስተናገድ ማለት አንዱን ለመቅዳት የሌላውን ገመድ መንቀል፣ ከጠረጴዛው ጀርባ መዳበስ፣ ሰክቶ ድምፁን እንደገና መመጠን ነው። ጣቴ ላይ የነበረች ዜማ እኔ ከጠረጴዛ ስር ወጥቼ እስክቀመጥ አትጠብቅም፤ ብን ትላለች። መሃል ላይ ትንሽ ሚክሰር ሞክሬ ነበር። ሁሉንም ደባልቆ በሁለት ቻናል ስለሚልክ፣ በማግስቱ ቤዙን ብቻ ዝቅ ላድርግ ስል የፈሰሰ ውሃ ማፈስ ሆነብኝ።

አሁን እያንዳንዱ ሲንተሳይዘር የራሱ መግቢያ፣ ኮምፒውተሩም ላይ የራሱ ትራክ አለው። መግቢያዎቹን በስም የሰየምኩበት ባዶ ፕሮጀክት አስቀምጫለሁ፤ እሱን ከፍቶ ቀይዋን ቁልፍ መጫን ብቻ ነው። አሰካኩን ካስተካከልኩ ወዲህ ገመድ የነቀልኩት ሁለት ጊዜ ነው፣ አንዱም አቧራ ለመጥረግ።

8 የሚለው ቁጥር ግን ያታልላል። ስቴሪዮ ሲንተሳይዘር ሁለት መግቢያ ይበላል፤ አራቱንም በስቴሪዮ ስሰካ ለማይክ የተረፈኝ ቀዳዳ አልነበረም። ከዚያ ቆም ብዬ የትኛው በእርግጥ ስቴሪዮ እንደሆነ አየሁ። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው ያማሃ ዲኤክስ7 ድሮም መውጫው አንድ ነው፤ እኔ በከንቱ በመክፈያ ገመድ ሁለት መግቢያ አስይዤው ነበር። ሌላኛው ግራና ቀኝ ቢኖረውም፣ ልዩነቱ የሚመጣው ከውስጡ ኢፌክት ብቻ ነው። ኢፌክቱን አጥፍቼ በግራው መውጫ ብቻ አስገባዋለሁ፣ ሪቨርቡን (ማስተጋባቱን) ኮምፒውተሩ ላይ እጨምራለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሁለት መግቢያ አተረፍኩ። ሲንተሳይዘሮቹን ከኋላ ባሉት የላይን መግቢያዎች ሰክቼ፣ ፕሪአምፕ (የማይክን ደካማ ድምፅ የሚያጎላ ክፍል) ያላቸውን የፊት ሁለቱን ለማይክ ትቻለሁ። የድምፁን ጫፍ ከዜሮ (ከመጨረሻው ጣሪያ) በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ አቆመዋለሁ፤ በ24 ቢት ቀዩን መብራት ማሳደድ አያስፈልግም።

በሦስተኛው ወር ዕቃውን ወደ ካርቶኑ ልመልሰው ደርሼ ነበር። ማውሱን ባንቀሳቀስኩ ቁጥር በስፒከሩ ቀጭን ፉጨት ይሰማል። ኢንተርፌሱ ተበላሽቷል ብዬ ደመደምኩ። ጥፋቱ የኔው አሰካክ ነበር፦ አንዱ ሲንተሳይዘር በድምፅ ገመድም በዩኤስቢም ከዚያው ኮምፒውተር ጋር ተያይዟል፣ ግራውንዱ (የመሬት መስመሩ) በሁለት መንገድ ይዞራል። ዩኤስቢውን ነቅዬ በባለ 5 ፒን የሚዲ ገመድ (ድምፅ ሳይሆን የኖታ ትእዛዝ በሚያሻግር) ስተካው ፉጨቱ ድርግም አለ። የድሮው ሚዲ መልእክቱን በተቀባዩ በኩል በብርሃን ስለሚያሻግር የኤሌክትሪክ ንክኪ የለውም፤ የአርባ ዓመቱ ሽማግሌ ወጣቱን አስናቀው። ለሌላኛው ሲንተሳይዘር ትራንስፎርመር ያለው ዲአይ ቦክስ (ግራውንዱን የሚለያይ ትንሽ ሣጥን) ጣልቃ አስገባሁ። ጩኸት ለማጥፋት ብሎ የኮረንቲ መሰኪያውን የግራውንድ ጥርስ የሚቆርጥ ሰው አይቻለሁ፤ እባካችሁ፣ በሕይወት አትቀልዱ።

ቀጥሎ የጊዜ ጉዳይ አለ። ኮምፒውተሩ በሚዲ ሲንተሳይዘሩን ሲያጫውት፣ ተመልሶ የሚቀዳው ድምፅ ከምቱ ትንሽ ወደ ኋላ ይቀራል። አንዱን መውጫ በገመድ ከአንዱ መግቢያ ጋር አገናኝቼ አንዲት “ቅው” አጫወትኩና ቀዳሁ፤ 41 ሳምፕል ዘግይታ መጣች፣ በ48 ኪሎኸርዝ (በሰከንድ 48,000 ሳምፕል) ከ1 ሚሊ ሰከንድ በታች። ቁጥሩን ፕሮግራሙ ላይ ሞላሁት፣ አበቃ። የቀረው መዘግየት የሚዲውና የሲንተሳይዘሩ ነው። ሚዲ በሰከንድ 31,250 ቢት ነው የሚያሻግረው፤ አንድ ኖታ 1 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይወስዳል፣ ኖታዎቹም ተራ ጠብቀው ነው የሚሄዱት። የስድስት ኖታ ኮርድ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ወደ 5 ሚሊ ሰከንድ ይበተናል። ለፓድ (ቀስ ብሎ ለሚነሳ የጀርባ ድምፅ) ማንም አይሰማውም። ከበሮ ግን በዚያው ገመድ ስልከው ምቱ ስለሚንገዳገድ ለብቻው አድርጌዋለሁ።

በፈሩ (ኮምፒውተሩ ድምፁን የሚያጠራቅምበት ጊዜያዊ መቆያ) 128 ሳምፕል ላይ ነው፣ 2.7 ሚሊ ሰከንድ መሆኑ ነው። ፕሮጀክቱ ሲከብድ ወደ 512 ከፍ አደርገዋለሁ፤ የምጫወተውን በቀጥታ ከኢንተርፌሱ ስለምሰማ አያስቸግረኝም። በፕሮግራሙም በኢንተርፌሱም በኩል ባንዴ ከሰማችሁ ግን ድምፁ በቧንቧ ውስጥ ያለፈ ይመስላል። ምክንያቱን እስካገኝ አንድ ምሽት አቃጠልኩ።

ቅሬታዬ ድራይቨሩ (ኢንተርፌሱን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ላይ ነው። የኮምፒውተሩን ሲስተም ባሳደስኩ ማግስት ከ8ቱ መግቢያ 2ቱ ብቻ ይታዩ ጀመር። አምራቹ ማስተካከያ እስኪያወጣ 19 ቀን ጠበቅሁ፤ በየመሃሉ የሚደርሰኝ መልስ “ነቅለው ይሰኩ” የሚል ነበር። ከዚያ ወዲህ ሥራ ሳልጨርስ ምንም አላሳድስም። የሄድፎኑ ማዞሪያም ከዘጠነኛው ወር ጀምሮ ሲዞር ይንኮሻኮሻል፣ ኢንተርፌሱ ማጥፊያ ቁልፍም የለውም።

ዲስካችሁንም አትርሱ። ስምንቱም ትራኮች በ24 ቢትና በ48 ኪሎኸርዝ ሲቀዱ በደቂቃ 69 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳሉ። እኔ መጀመሪያ ዝም ያሉትንም ጭምር እየቀዳሁ ዲስኬን በዝምታ ሞላሁት።

አንድ ሲንተሳይዘር ብቻ ያለው ሰው በባለ 2ቱ ይቆይ፣ ይበቃዋል። እኔ ግን አምስተኛ እየመጣብኝ ነው። ኢንተርፌሱ ከኋላው የአዳት ኦፕቲካል መግቢያ (በአንድ የብርሃን ገመድ ብዙ ቻናል የሚያስገባ) አለው፤ በ48 ኪሎኸርዝ 8 ቻናል ይጨምራል፣ በ96 ደግሞ ወደ 4 ይወርዳል። የመግቢያውን መሸፈኛ እስካሁን አልነቀልኳትም።