ጎሪዞንት ወይስ ኦኮዮም?

ሩሲያውያን አድማስን «ጎሪዞንት» ይሉታል። ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ነው፤ «ድንበር የሚያበጅ» እንደማለት ነው። በሩሲያው ንጉሥ በታላቁ ጴጥሮስ ዘመን ገደማ ከሌሎች የአውሮፓ ቃላት ጋር ገባ። ዛሬ አብራሪውም የፊዚክስ ተማሪውም የሚያውቀው እሱን ነው።

ለአድማስ ያላቸው ሌላው ቃል «ኦኮዮም» ግን የቤት ልጅ ነው። «ኦኮ» ዓይን ማለት ነው፤ ጥንታዊ ቃል ስለሆነ በተራ ወሬ ቦታውን ለ«ግላዝ» ለቋል። «ዮም» ደግሞ መያዝን፣ መውሰድን ከሚገልጽ ሥር የወጣ ነው። «ቮዶዮም» ውስጥም ታገኙታላችሁ። «ቮዳ» ውሃ ነው፤ ስለዚህ ቮዶዮም ውሃ የሚይዝ ቦታ፣ ኩሬ ወይም ሐይቅ ይሆናል። ኦኮዮምም እንደዚሁ ዓይን የሚይዘው ሁሉ ነው። ጎሪዞንት በዋናነት ሰማይና ምድር የሚገናኙበትን መስመር ያሳያል። ኦኮዮም እስከዚያ ያለውን ሜዳ ጭምር ጠቅልሎ ያቅፋል።

ቭላድሚር ዳል የሚባለው የመዝገበ ቃላት ሰው ባዕድ ቃላትን በአገርኛ መተካት ይወድ ነበር። ጎሪዞንትን ግን ማን ይንቀለው! ኦኮዮም የግጥምና የሥነ ጽሑፍ ቃል ሆኖ ቀረ።

በውበት ከሆነ እኔ ኦኮዮምን እመርጣለሁ። ለአውሮፕላን መሣሪያ ግን ጎሪዞንት ይሻላል። «ክሩጎዞር» የሚባል ሌላም ተፎካካሪ ነበር፤ እሱ ዛሬ እኛ «የእውቀት አድማስ» የምንለውን ተሸክሟል።