ማሊያው «ሶከር» ይላል፣ ሥልጠናው የሆላንድ ነው

ድሬዳዋ ውስጥ ከ7 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ የእግር ኳስ ሥልጠና የሚፈልግ ወላጅ፣ ሳቢያን አካባቢ ቅዳሜና እሑድ ጠዋት የሚሠራውን የልጆች ሜዳ ሄዶ ቢያይ አይቆጭም። በሆላንድ አሠራር እናሠለጥናለን ይላሉ፤ ከሚሉትም አብዛኛውን ይሠሩታል። ሜዳው፣ የልምምዱ አደረጃጀት፣ የአሰልጣኞቹ አያያዝ ጥሩ ነው። ኳሱ ግን ለልጅ አይሆንም። ማሊያው ደረት ላይ የተጻፈው «ሶከር» የሚለው ስምም ከሥልጠናው ጋር አይገጥምም። ስም ምን ያደርጋል ብሎ የሚያልፈው ይኖራል፤ እኛ አናልፈውም፣ ወደ በኋላ እንመጣበታለን።

ከሁሉ በፊት ደስ የሚለው ሜዳው መቆራረጡ ነው። የአዋቂ ሜዳ 105 በ68 ሜትር ነው። የ8 ዓመት ልጆችን እዚያ ላይ አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ ማሰለፍ ማለት ሃያ ሁለት ልጅ አንድ ኳስ እንዲያሳድድ መልቀቅ ነው። ቶሎ ያደገውና ፈጣኑ ኳሱን ይዞ ይነጉዳል፤ ሌላው ይሮጣል እንጂ አይጫወትም፤ ወዲያኛው በረኛ አፈር ሲጭር ያረፍዳል። ሆላንዶች ይህን አይተው የሕፃናቱን ውድድር እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ቀየሩት። ከ7 ዓመት በታች ያሉት አራት ለአራት ይጫወታሉ፣ እስከ 10 ያሉት ስድስት ለስድስት፣ እስከ 12 ያሉት ስምንት ለስምንት፤ ትልቁ ሜዳ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የስድስት ለስድስቱ ሜዳ 42.5 በ30 ሜትር፣ የስምንት ለስምንቱ 64 በ42.5 ነው። ሳቢያን ያሉት ልኩን አልሸራረፉትም፤ ሜትር ይዞ የሄደ ያገኘዋል። በአንዱ የአዋቂ ሜዳ ላይ አራት የስድስት ለስድስት ሜዳ አውጥተዋል፤ እንዲህ ሲሆን 48 ልጅ በአንድ ጊዜ ይጫወታል፣ ተራ ጠባቂ የለም።

መስመሩን በኖራ ሳይሆን በናይለን ገመድ ነው የሠሩት። ገመዱ በየአምስት ሜትሩ በችካል ተይዟል፣ የችካሉ ጭንቅላት ከመሬት እኩል ተቀብሯል። ኖራ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን በድሬ ንፋስ ይነሣና ዓይን ውስጥ ይገባል፣ በደንብ ካልበረደም ላብ የነካውን ቆዳ ያቃጥላል። ጎሉ 5 በ2 ሜትር፣ በብረት ቱቦ የተበየደ ነው። ከኋላ ባለው አግዳሚ ላይ ሁለት ሁለት ጆንያ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ተጭኖበታል። ይህን ጥንቃቄ በሌላ ቦታ ስለማናየው ማመስገን ይገባል፤ ያልታሰረ ጎል ላይ አንድ ልጅ ሲንጠለጠል ብረቱ ወደ ፊት ይወድቃል፣ የሚወድቀውም ጭንቅላት ላይ ነው።

ጨዋታው ያለ ዳኛ ነው። አንድ አዋቂ ከመስመር ውጭ ቆሞ ይመለከታል፣ ልጆቹ ካልተግባቡ ብቻ ይገባል። ኳስ ሲወጣ የእጅ ውርወራ የለም፤ ልጁ ኳሱን መስመሩ ላይ አስቀምጦ በእግሩ እየነዳ ይገባል ወይም ያቀብላል። ሆላንድም እንደዚሁ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የ8 ዓመት ልጅ የሚወረውረው ኳስ ሦስት ሜትር ርቆ ግርግር ውስጥ ይወድቃል፣ ሲነዳ ግን ቀና ብሎ ማየትን ይለማመዳል። በየአጋማሹ መሀል አጭር እረፍት አለ። ሆላንድ ለምክር የሚሆነው እረፍት እዚህ ለውኃ ነው፤ ልጆቹ ጠዋት 1 ሰዓት ጀምረው 2:30 ላይ የሚጨርሱትም በፀሐዩ ምክንያት ነው። ረቡዕ የነበረው የ10 ሰዓቱ ክፍለ ጊዜ መቅረቱ ጥሩ ሆነ፤ መሬቱ በዚያ ሰዓት ገና ይፋጃል።

አሁን ወደ ሥልጠናው እምብርት እንምጣ። ሰው «ሮንዶ» እያለ የሚያደንቀው፣ ሆላንዳዊው ዮሃን ክራይፍ ባርሴሎናን ሲያሠለጥን የዘወትር ልምምድ ያደረገው ነገር፣ እኛ ሰፈር ውስጥ መሀል ባልገባ የምንለው ነው። ክብ ሠርቶ መቀባበል፣ ኳስ ያስነጠቀው መሀል መግባት። ልዩነቱ ልኩ ላይ ነው። እዚህ ሜዳ አራት ለአንድ ሲጫወቱ 8 በ8 ሜትር፣ አራት ለሁለት ሲሆን 10 በ10 ሜትር ይሰጧቸዋል። ካሬው ሲሰፋ ዙሪያ ያሉት ቆመው ያቀብላሉ፣ መሀል የገባው በሁለት ደቂቃ ትንፋሹ ያልቃል፤ ሲጠብ ደግሞ ኳስ ማቆሚያ ጊዜ ጠፍቶ ሁሉም ዝም ብሎ መምታት ይጀምራል። የድሬ ሜዳ አፈርና ጠጠር ስለሆነ ኳሱ እንደ ሣር ሜዳ ተንሸራትቶ አይመጣም፣ እየነጠረ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ለጀማሪዎች በየጎኑ አንድ ሜትር ይጨምራሉ፣ ከሦስት ከአራት ሳምንት በኋላ መልሰው ያጠቡታል። መጽሐፍ ላይ ያለውን ቁጥር እንዳለ ቢያወርዱት ልጆቹ ኳስ ማቆም ሳይለምዱ ይቀሩ ነበር። ኮኖቹን ንፋስ ስለሚወስድባቸው ግማሽ ድረስ አሸዋ የተሞላ የውኃ ፕላስቲክ ተክተዋል፤ ከሩቅም ይታያል።

ከሁሉ የሚበልጠው አሰልጣኞቹ የሚሉት ነገር ነው። «ፓስ!» ብለው አይጮኹም፤ «ኳሱ ሳይመጣ ምን አየህ?» ብለው ይጠይቃሉ። ዘጠኝ ዓመት ገደማ የምትሆን አንዲት ልጅ፣ ኳሱ ወደ እሷ ገና ሳይነሣ ትከሻዋን ዞር አድርጋ ከኋላዋ ማን እንዳለ ታያለች። ሲደርሳት በቀኝ እግሯ ጎን አቁማ በዚያው እንቅስቃሴ ወደ ግራ ታዞረዋለች፤ መሀል የገባው ልጅ በባዶው ያልፋል። አብዶ የሚባል ነገር አልሠራችም፣ ቀድማ ስላየች ብቻ ነው። የሆላንዱ ክለብ አያክስ ልጆችን በአራት ነገር ይመዝናል፤ በቴክኒክ፣ ጨዋታን በመረዳት፣ በስብእናና በፍጥነት። ሁለተኛው በቃል የሚነገር አይደለም፣ እንዲህ ነው የሚታየው።

አሁን ኳሱ። እዚህ ላይ ሜዳው ይወድቃል። ለሁሉም ዕድሜ 5 ቁጥር ነው የሚጠቀሙት። 5 ቁጥር ዙሪያው ከ68 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ከ410 እስከ 450 ግራም የሆነ የአዋቂ ኳስ ነው። ከ8 እስከ 12 ላለ ልጅ የሚመጥነው 4 ቁጥር ነው፤ ዙሪያው ከ63.5 እስከ 66፣ ክብደቱ ከ350 እስከ 390። 60 ግራም ምን አላት የሚል ካለ፣ 25 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ኳሱን በእግሩ ጎን ሲመታ ይየው። ኳሱ አይሄድለትም፤ ስለዚህ በጣቱ ጫፍ መምታት ይጀምራል። በጣት የለመደ ልጅ 13 ዓመት ሲሆነውም በጣት ነው የሚመታው፣ ማረሙ ዓመት ይፈጃል። ሜዳውን አጥብበው፣ ጎሉን አሳንሰው ኳሱን እንደነበረ መተዋቸው የሠሩትን ግማሹን ያፈርሰዋል።

ለራሱ ልጅ ኳስ የሚገዛ ወላጅ ድሬ ያለው ታይዋን ገበያ ሲሄድ ላዩ ላይ የታተመውን ቁጥር አይመን። የልብስ ሰፊ ሜትር ይዞ በሙሉው የተነፋውን ኳስ ወገብ ይለካ፤ ሚዛን ያለው ሱቅ ካለም ይመዝነው። ከተቻለ በክር የተሰፋውን ይምረጥ፤ ርካሹ በማጣበቂያ ብቻ የተያያዘው ኳስ በድሬ ሙቀት ማጣበቂያው ይላላና ቁራጮቹ ከጠርዛቸው መነሣት ይጀምራሉ። ግፊቱን ጠዋት በብርዱ መሙላት ይሻላል፤ ግን እስከ ጥግ አይሞላም። ጠዋት 0.8 ባር የተነፋ ኳስ ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሲጨምር ወደ 0.9 ይደርሳል፤ ፀሐይ ላይ ከዋለ ከዚያም ያልፋል፣ እንደ ድንጋይ ይሆናል። መለኪያ የሌለው በሁለት አውራ ጣቱ ይጫነው፤ ትንሽ ከሰጠ በቂ ነው። መርፌው ሳይረጥብ ወደ ኳሱ አይገባም፤ ደረቅ መርፌ የአየር ማስገቢያውን ጎማ ይቀደዋል፣ ከዚያ በኋላ ኳሱ በየሌሊቱ ይተነፍሳል፣ ሰውም እሾህ ወጋው እያለ ግራር ይረግማል።

ወደ ስሙ እንመለስ። ማሊያው ብርቱካናማ ነው፣ ደረቱ ላይ በትልቁ «ሶከር» ተጽፏል። ቃሉን አሜሪካኖች የፈጠሩት ይመስለዋል ብዙ ሰው፤ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1863 ለንደን ላይ የእግር ኳስ ማኅበር ሲቋቋም ጨዋታው ከራግቢ እንዲለይ «የማኅበሩ እግር ኳስ» ተባለ። የኦክስፎርድ ተማሪዎች ቃልን አሳጥረው «ኧር» የሚል ጭራ መቀጠል ይወዱ ነበርና ራግቢን «ራገር»፣ «አሶሲዬሽን» ከሚለው መሀል ቆርጠው ደግሞ «ሶከር» አሉት። እንግሊዞች ራሳቸው ለረጅም ጊዜ ተጠቅመውበታል። አሜሪካኖች የያዙት የራሳቸው ሌላ «ፉትቦል» ስላላቸው ነው። ፌዴሬሽናቸው እንኳ በ1913 ሲመሠረት ስሙ ውስጥ የነበረው «ፉትቦል» ነው፤ በ1945 «ሶከር» ተጨመረበት፣ በ1974 «ፉትቦል» ወጣ። ክራይፍ በ1979 ሎስ አንጀለስ ሄዶ በሪኑስ ሚሼልስ አሰልጣኝነት ሲጫወት ሊጉ የሰሜን አሜሪካ ሶከር ሊግ ይባል ነበር። ሰውየው ያንኑ ጨዋታ ነው የተጫወተው። አሜሪካና አውስትራሊያ ውስጥ «ሶከር» ማለት የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ድሬዳዋ ግን ሌላ ናት። ሆላንዶች ጨዋታውን «ቩትባል» ነው የሚሉት፤ «ቩት» እግር፣ «ባል» ኳስ። ቃል በቃል እግር ኳስ ነው። እዚያው ሜዳ ላይ ያሉት ልጆች ቤታቸው ሲገቡ አንዱ እግር ኳስ፣ ሌላው በኦሮምኛ ኩባ ሚላ፣ ሌላዋ በሶማልኛ ኩባዳ ዓግታ ይላሉ። በሦስቱም ቋንቋ የእግር ኳስ ማለት ነው። የጥጥ ፋብሪካው ቡድን ኮተን የኢትዮጵያ ሻምፒዮን የሆነባት፣ እ.ኤ.አ. የ1976ቱ የአፍሪካ ዋንጫ አንድ ምድብ የተስተናገደባት ከተማ ለጨዋታው ስም አጥታ አታውቅም። አሠራሩን ከሆላንድ አምጥቶ፣ ልጆቹ በአፋቸው የሚጠሩትን፣ ሆላንዶቹም የሚጠሩበትን ቃል ትቶ የሦስተኛ አገር ቃል መለጠፍ ልጁ የእኛ ሰፈር ጨዋታና የሜዳው ጨዋታ የተለያዩ እንዲመስሉት ያደርጋል። መሀል ባልገባን የሚያውቅ ልጅ ሮንዶን ያውቃል፤ ይህን ነው ማሊያው ሊነግረው የሚገባ። ቀጣዩን ማሊያ ሲያሳትሙ «እግር ኳስ» ብለው ቢጽፉት ቀለሙ ያው ነው፣ ዋጋውም አይጨምርም።

ማስታወቂያቸው ላይ ያለው የአያክስ ቀለምና የክራይፍ ፎቶም ማብራሪያ ይፈልጋል። የሆላንድ ክለቦች በእውነት አፍሪካ ውስጥ ገብተው ያውቃሉ፤ አያክስ እ.ኤ.አ. በ1999 ኬፕታውን ላይ ቡድን መሥርቶ ነበር፣ ፌየኖርድም ጋና ውስጥ አካዳሚ ከፍቶ ነበር። የጋናው መሬት፣ ማደሪያና ትምህርት ቤት የነበረው ነው። ሳቢያን ያለው ሜዳ ከየትኛውም ክለብ ጋር ግንኙነት የለውም፣ አሰልጣኞቹም ሲጠየቁ ይህን በግልጽ ይናገራሉ፤ ፎቶው ግን ወላጅን ሌላ ያሳስበዋልና ቢነሣ ይሻላል። በነገራችን ላይ፣ የትም ቦታ ይሁን ልጅዎን አውሮፓ እንልክልዎታለን የሚል ሰው ካለ ይጠንቀቁ። የፊፋ ደንብ ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ከአገር አገር እንዳይዛወር ይከለክላል፣ ጥቂት የተለዩ ሁኔታዎች ብቻ ናቸው ያሉት።

ወላጆች የሚቆሙት ከገመዱ አሥር ሜትር ርቀው ነው። «ዋርያ፣ ምታው!» የሚል ጩኸት ከዚያም ቢሆን ይሰማል፣ ግን ልጁ ላይ አይደርስም። የውጤት ሰሌዳ የለም፤ ሆላንድም ለትንንሾቹ ደረጃ አይወጣም። ጥላ የለም፣ መጸዳጃው ሩቅ ነው፣ ውኃ ከቤት ይዞ መምጣት ያስፈልጋል።

ልጅ ለማስመዝገብ የሚሄድ ሰው ቅዳሜ 1 ሰዓት ከመሙላቱ በፊት ይድረስ። መጀመሪያ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይይ፤ የሚከለክል የለም። 4 ቁጥር ኳስ ከቤት ይዞ ቢሄድ አሰልጣኞቹ ልጁ በሱ እንዲለማመድ ይፈቅዳሉ፣ ስድስት ለስድስቱ ሲጀመር ግን በራሳቸው ኳስ ነው። ታኬታ ባይገዙ ይሻላል፤ በዚያ ጠጠር ላይ ጥርሱ በሁለት ወር ያልቃል፣ ጠፍጣፋ ሸራ ጫማ እግር ላይም አይከብድም።