የአስቤዛ ቦነስ ካርድ ልትሞሉ ላሰባችሁ የባሕር ዳር ሰዎች

ጠረጴዛዬ ላይ የ6 ወር ደረሰኝ ተዘርግቷል። ግማሹ ቀለሙ ለቆ ባዶ ወረቀት ሆኗል። የሚነበበውን ትናንት ማታ ከልጄ ጋር ቁጭ ብለን ደመርነው፤ የጠፋውን ደግሞ ሱቁ በየጊዜው ከላከልኝ የስልክ መልእክት አሟላነው። ውጤቱን ሳይ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ልጻፈው።

ነገሩ 5 በመቶ ቦነስ ስለሚሰጥ የአስቤዛ ካርድ ነው። የሱቁን ስም አልጠራም። ሠራተኞቹ ጨዋ ልጆች ናቸው፣ ከእነሱ ጋር ጠብ የለኝም። ደግሞ ስም ብጠራ «እኔ የያዝኩት የሌላ ነው» ብላችሁ ታልፉታላችሁ።

ከመስቀል በኋላ ነው። እኔ የምኖረው አባይ ማዶ ነው። ከሥራ ስወጣ ወተትና ሳሙና ልገዛ አንድ ሱፐርማርኬት ገባሁ። በሩ ላይ ቲሸርት የለበሰች ልጅ ቆማለች።

«እህቴ፣ ካርዳችንን ይዘሻል?»

«የባንክ ነው?»

«አይ፣ የራሳችን ነው። 10,000 ብር ትሞያለሽ፣ በገዛሽ ቁጥር 5 በመቶ ይመለስልሻል።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ታናሽ ወንድሜ ሜሪላንድ ነው የሚኖረው። በደወለ ቁጥር «ዛሬ አስቤዛ ገዝቼ ይህን ያህል ዶላር ተመለሰልኝ» እያለ ያስቀናኛል። ልጅቷ 5 በመቶ ስትለኝ አሜሪካ በእግሯ ባሕር ዳር ድረስ የመጣችልኝ መሰለኝ። የካርዱን 500 ብር ከፈልኩ፣ 10,000 ሞላሁ፣ ስልክ ቁጥሬን ሰጥቼ ፈረምኩ። የፈረምኩበት ወረቀት ጀርባ ላይ ጉንዳን ጉንዳን የሚያህል ፊደል ነበር። መነጽሬ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። አላወጣሁትም።

ያ የጉንዳን ጽሑፍ የሚለው ይህንን ነው። ዘይት፣ ስኳር፣ ዱቄትና የሕፃናት ወተት ነጥብ አይያዝባቸውም። አንድ ደረሰኝ 1,000 ብር ካልሞላ ነጥብ የለውም። ነጥቡ የሚቆጠረው በሙሉ መቶ ነው፤ 199 ብር ማለት 100 ብር ነው። አንዱ ነጥብ 1 ብር ነው፣ ግን 500 ነጥብ ካልሞላ መጠቀም አይቻልም። ከተያዘ 6 ወር ካለፈው ይቃጠላል። የተሞላ ገንዘብ አይመለስም።

እስቲ አስቡት። የአንድ ቤት አስቤዛ ዘይት፣ ስኳርና ዱቄት ወጥተውለት ምን ይቀረዋል? ጾም ሲገባ ደግሞ ወጡ ሁሉ በዘይት ነው። ሰው የግዱን የሚገዛውንና ለባለሱቁ ብዙ ትርፍ የሌለውን ዕቃ ለይተው አውጥተውታል። ብልህ ናቸው፣ አልዋሽም።

አሁን ወደ ደረሰኙ። በ6 ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ 10,000፣ በጠቅላላ 30,000 ብር ሞልቻለሁ። የገዛሁበት 29,360 ነው። ከዚህ ውስጥ 10,900ው ዘይት፣ ስኳርና ዱቄት ነው፤ ነጥብ የለውም። 5,460ው ደግሞ 1,000 ባልሞሉ ደረሰኞች የወጣ ነው፤ እሱም የለውም። ነጥብ የተያዘበት 13,000 ብር ብቻ ነው። ሽርፍራፊውን ትቼ 650 ነጥብ መሆኑ ነው። 500ውን ተጠቀምኩበት። 150ው ተንጠልጥሎ ቀረ።

ካርዱን የገዛሁት በስንት ነበር? በ500።

ልጄ ስልኩ ላይ ደምሮ ሲጨርስ ቀና ብሎ «እማ፣ ታዲያ ምን አገኘሽ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ይህም ዋጋው ከሌላው ቦታ እኩል ነው ብለን ነው። እኩል አይደለም። አንዷን ደረሰኝ ብቻ ላሳያችሁ። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ሦስት እሽግ ምስር ክክ ገዝቻለሁ፣ አንዱ 198 ብር። የኪሎ መስሎኝ ነው ያነሳሁት። ቤት ገብቼ ጀርባውን ሳየው 900 ግራም ይላል። ስለዚህ 594 ብር ከፍዬ ያገኘሁት 2 ኪሎ ከ700 ነው። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ገበያ ላይ ምስር ክክ ኪሎው 185 ነበር። ያንኑ ያህል ከገበያ ብገዛ 499 ብር ከ50 ነው። 94 ብር ከ50 በልጦብኛል። ከዚህ ላይ ነጥቡ ሳይሸረፍ ቢያዝልኝ 29 ብር ከ70 ነው። 65 ብር ገደማ ከኪሴ ሄደ ማለት ነው፣ በምስር ብቻ። የገበያው ምስር መለቀም አለበት የሚለኝ ይኖራል። ልክ ነው። እኔ ግን እለቅማለሁ፣ ድሮም ስለቅም ነው የኖርኩት።

ሩዝም እንደዚያው ነው። የፎገራን ሩዝ እያለፍኩ የውጭ እሽግ ሩዝ ሳነሳ ከርሜአለሁ። ለምን? ነጥብ ስላለው! የፎገራዋ ወረታ አፍንጫችን ሥር ሆና፣ ሩዙ ገበያው ላይ በጆንያ ተዘርግቶ። ይህን ስጽፍ ራሱ አፍራለሁ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን የካሸሯ ነገር ነው። አንድ ቀን ሂሳቤ 930 ብር መጣ። ልጅቷ በቅንነት «70 ብር ብቻ እኮ ነው የጎደለሽ፣ 1,000 ሲሞላ ነጥብ ይያዝልሻል» አለችኝ። ዘወር ብዬ የ85 ብር ብስኩት አነሳሁ። 1,015 ሆነ። ከውስጡ 300ው ስኳር ነበር። የቀረው 715 ነው፣ በሙሉ መቶ 700፣ ነጥቡም 35። 35 ብር ለማግኘት ያላሰብኩትን የ85 ብር ብስኩት ገዛሁ። ብስኩቱ ደግሞ የጾም አልነበረም። ልጄ በላው።

እንዲህ ዓይነቱን ስንት ጊዜ እንዳደረግሁ ልቆጥር ሞክሬ ተውኩት።

ሌላም አለ። መብራት ሲጠፋ ወይም ኔትወርክ ሲቆራረጥ ካርዱ አይሠራም። «ሲስተም የለም፣ በጥሬ ካለሽ ክፈይ» ትባላላችሁ። ገንዘቤ እነሱ ዘንድ ተቀምጦ እኔ ሌላ ጥሬ ብር አወጣለሁ ማለት ነው። በዚያ ላይ በጥሬ የተከፈለ ነጥብ የለውም። ኔትወርካችንን የምታውቁት ናችሁ፣ አላብራራም።

ወንድሜ ጋ ደውዬ ይህን ሁሉ ስነግረው ሳቀብኝ። «እታለም፣ የእኔና ያንቺ አይገናኝም» አለ። ከዚያ አስረዳኝ፤ ነገሩ ለብዙ ሰው ስለሚምታታ ላስተላልፈው።

የእሱ ክሬዲት ካርድ ነው። መጀመሪያ ባንኩ ይከፍልለታል፣ እሱ በወሩ መጨረሻ ለባንኩ ይመልሳል። ባለሱቁ በካርድ በሸጠ ቁጥር ከሽያጩ ቆርሶ ለባንኩና ለካርድ ድርጅቶቹ ይከፍላል፤ ብዙውን ጊዜ 2 በመቶ አካባቢ ነው። ቦነሱ አንዱ የሚመጣው ከዚያ ነው። ሌላው ከካርዱ ዓመታዊ ክፍያ ነው። ሦስተኛው ደግሞ በጊዜ ሳይከፍሉ ከሚቀሩ ሰዎች ወለድ። ወለዱ በዓመት ከ20 በመቶ በላይ ነው። ዕዳውን እያሳደረ የሚዘናጋ ሰው ያገኘውን ቦነስ መልሶ ያስረክባል።

እዚያም ቢሆን የጉንዳን ጽሑፍ አለ። እሱ የያዘው ብሉ ካሽ ፕሪፈርድ የሚባለውን የአሜሪካን ኤክስፕረስ ካርድ ነው። በሱፐርማርኬት 6 በመቶ ይመልሳል፣ ግን በዓመት እስከ 6,000 ዶላር ግዢ ድረስ ብቻ። ከዚያ በላይ 1 በመቶ ነው። ዓመታዊ ክፍያው 95 ዶላር ነው። 6,000ውን ሙሉ ቢገዛ 360 ይመለስለታል፣ 95ቱ ሲነሳ 265 ይቀረዋል። እያንዳንዱ ሱቅ ደግሞ ባለ 4 አሃዝ መለያ ቁጥር አለው፤ የሱፐርማርኬቱ 5411 ነው። ያንኑ ወተት ዋልማርት ሄዶ ቢገዛ እንደ ሱፐርማርኬት ስለማይቆጠር 6ቱን አያገኝም። «መጀመሪያ ሰሞን ይህን ሳላውቅ ሦስት ወር ተበልቻለሁ» አለኝ። ይህንን ሲነግረኝ ትንሽ ቀለል አለኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው። እሱን ባንኩ ያበድረዋል። እኔ ግን ሱቁን ሳበድር ነው የከረምኩት። 10,000 ብሬን ወስዶ፣ ያለ ወለድ ሠርቶበት፣ በራሱ ዋጋ በትንሽ በትንሹ በዕቃ ይመልስልኛል። ባንክ ቢቀመጥ እንኳ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነው። በሰፈሬ ያለው ባለሱቅ ደግሞ ገንዘብ ሲያጥረኝ በዱቤ ደብተሩ ላይ ስሜን ጽፎ ዘይቱን ያስይዘኛል። ወለድ ብሎኝ አያውቅም፣ ነጥብም ብሎኝ አያውቅም። ለ6 ወር ረስቼው ሰንብቼ ባለፈው ሳምንት ስሄድ «ጠፋሽ እኮ እህቴ፣ ታመሽ ነው?» አለኝ።

የሚቃጠለው ነጥብም ሌላ ጉድ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ዋጋ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ የመደርደሪያው ዋጋ እንዴት እንደሚሮጥ ታዩታላችሁ። ነጥቡ ግን 1 ብር እንዳለ ነው። 500 እስኪሞላ ስትጠብቁ ዕቃው አምልጧችሁ ይሄዳል።

እኔ አሁን ወደ ቅዳሜ ገበያ ተመልሻለሁ። ሽንኩርት የሚሸጡልኝ እናት አሉ። ባለፈው 3 ኪሎ አስመዘንኩና «እማማ፣ ይመርቁልኝ እንጂ» አልኳቸው። «እሺ ልጄ» ብለው ሚዛኑ ከተስተካከለ በኋላ ሁለት ራስ ሽንኩርት ጨመሩ። ትንሽ አሰብ አድርገው ደግሞ አንድ እፍኝ ቃሪያ ዘንቢሌ ውስጥ ጣሉ። ምርቃቱ እዚያው ነው፣ ያንኑ ቀን ወጥ ገባ። ስልክ ቁጥሬን አልጠየቁኝም። ከዚያ ወደ ሐይቁ ወርጄ ቆሮሶ ገዛሁ። የጣና ዓሣ ካርድ አያውቅም።

ካርዱ ለማንም አይጠቅምም እያልኩ አይደለም። ድሮም እዚያው ሱቅ በወር አንዴ፣ በአንድ ደረሰኝ ብዙ የምትገዙ ከሆነ፣ የምትገዙትም እሽግ ዕቃ ከሆነ፣ ሊያዋጣችሁ ይችላል። ሆቴልና ካፌ ላለው ሰው ይሆን ይሆናል። ደሞዝተኛ ግን መጀመሪያ የራሱን የአንድ ወር ደረሰኝ ይዞ ያስላ። ዘይት፣ ስኳርና ዱቄቱን አውጡት። 1,000 ያልሞላውን አውጡት። የቀረውን በ5 በመቶ አባዙና ከካርዱ ዋጋ ጋር አስተያዩት። ሲፈርሙ ወረቀቱን ፎቶ ማንሳትም አይከፋም፤ እኔ ቅጂ ስጠይቅ «አልቋል» ነው የተባልኩት። ደረሰኙንም በዚያው ቀን ፎቶ አንሱት፣ ቀለሙ አይቆይም።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የሚባል አለ። ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ መለጠፍ፣ ደረሰኝ መስጠት አለበት፤ አሳሳች ማስታወቂያም ተከልክሏል። ባነሩ ላይ «በሁሉም ግዢ» ተብሎ ተጽፎ ጀርባው ላይ ዘይት ከወጣ፣ ያንን ፎቶ ይዞ ንግድ ቢሮ ሄዶ መጠየቅ መብታችሁ ነው። እኔ ባነሩን ፎቶ አላነሳሁትም ነበር። አሁን ወርዷል።

በነገራችን ላይ ካርዱን ከያዝኩ በኋላ የማላውቀው ቁጥር ደውሎ «የቦነስ ነጥብዎ ወደ ብር ተቀይሯል፣ ወደ ስልክዎ የገባውን ቁጥር ይንገሩኝ» ብሎኛል። ዘጋሁበት። ከሱቁ ይሁን ከሌላ ቦታ ቁጥሬ እንዴት እንደደረሰው እንጃ። ፒን ቁጥርም ሆነ በመልእክት የሚገባ ቁጥር ለማንም አትንገሩ፣ ቴሌብርም ሆነ የባንክ።

ቀድማችሁ የሞላችሁ ደግሞ አዲስ አትሙሉ። ያለውን ጨርሱት። ቀሪ ሂሳባችሁን ጠይቁና በአንድ ጊዜ፣ 1,000 በሚያልፍ ደረሰኝ፣ ዋጋው ከሌላው ቦታ በማይርቅ ዕቃ አውጡት። የልብስ ሳሙና ደህና ነው፣ አይበላሽም። ነጥባችሁ 500 ካለፈ ሳይቃጠል ዛሬ ነገ ሳትሉ ተጠቀሙበት።

እኔ ካርዴ ላይ 640 ብር ቀርቶኛል። 1,000 አይሞላም፣ እንዲሞላም ብዬ አልጨምርበትም። ቅዳሜ ሄጄ ዘይት እገዛበታለሁ።