አማካሪ ለምትፈልጉ እህቶች ጥቆማ፣ ለሲስተርም ምስጋና

አዲስ አበባ ውስጥ የምትሠራ አንዲት የሥነ ልቦና አማካሪ አለች። "ስሜን አደባባይ አታውጪው" ስላለችኝ አልጽፈውም። ድሮ ነርስ ስለነበረች ሁላችንም ሲስተር ነው የምንላት። እግዜር ይስጥልኝ ሲስተርዬ! ዕድሜና ጤና ይስጥሽ!

እሷ ጋ ከመድረሴ በፊት ያላንኳኳሁት በር የለም። ባሌ ሲመታኝ መጀመሪያ ሽማግሌ ሰበሰብኩ። "ትዳር ያለ ግጭት የለም፣ ቻይው" ተባልኩ። ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ያበጠ ፊቴን እያዩ "ታርቃችሁ ኑሩ" ብለው መለሱኝ። በመጨረሻ ተበድሬ አንድ ስመ ጥር አማካሪ ጋ ገባሁ። ሰውዬው ስልኩን እየነካካ አዳመጠኝና "አንቺ ግን ለምንድነው ሁሌ እንዲህ ዓይነት ሰው የምትመርጪው?" አለኝ። ብሩንም ቆጥሮ ተቀበለ። ይቺ ጥያቄ እስከዛሬ ታንገበግበኛለች።

"ሁሌ" ያለው ባሌ የመጀመሪያው ስላልነበረ ነው። ልጅ ሆኜ አክስቴ "ላስተምራት" ብላ ከገጠር አመጣችኝ። ዕቃ ከሰበርኩ በጎማ ትገርፈኛለች። ካለቀስኩ በርበሬ ታጥነኛለች። ጎረቤቱ ሁሉ ይሰማ ነበር። "ልጅ ተቀጥቶ ነው የሚያድገው" ይላሉ፣ በቃ። ካደግኩ በኋላ ቤሩት ሄድኩ። ማዳሜ ደሞዜን ከልክላ በጥፊ ስትለኝ አንድ ቃል አልወጣኝም። ከዚያ ተመልሼ ባሌን አገባሁ።

ሲስተር ጋ የገባሁ ቀን ወደ ኋላ እየዞርኩ በሩን አይ ነበር አሉ። እኔ አላወቅኩትም። እሷ አየችው። ምንም ሳትል ተነሳች፣ ወንበሬን ወደ ግድግዳው አስጠጋችና በሩን ፊት ለፊቴ አደረገችው። "አሁን የሚገባውንም የሚወጣውንም ታያለሽ" አለችኝ። በቃ ይሄው ነው። ግን እስከዚያ ቀን ድረስ የተቀመጥኩበት ቦታ ይመቸኝ አይመቸኝ ብሎ ያሰበልኝ ሰው አልነበረም። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። እስኪበቃኝ ጠበቀችኝ። ከዚያ "ከእሱ በፊት የመታሽ ማን ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። ሌላው ሁሉ ለምን እንደተመታሁ ነበር የሚጠይቀኝ።

የአንጎሉን ነገር በሥዕል አስረድታኛለች፣ እውነቱን ለመናገር ግማሹ አልገባኝም። የገባኝን ልንገራችሁ። እየተመታ ያደገ ልጅ ፍርሃትን ይለምደዋል። ሌላው "ይሄስ አላማረኝም" ብሎ የሚሸሸውን ሰው እሱ እንደ ቤተሰብ ያየዋል። ሲጮኹበት ደርቆ መቅረት በልጅነቱ ያተረፈው ዘዴ ነው። ሲያድግም ሳያስበው ይመጣበታል። ተደባዳቢ ሰው ደግሞ ይሄን ያሸታል። ወገን የሌላትን፣ ቻይዋን አይቶ ይጠጋል። "ጥፋቱ የመቺው ነው፣ ያንቺ አይደለም" አለችኝ። በየቀጠሮው ደገመችልኝ፣ እኔም በየቀጠሮው አለቀስኩ።

አሜሪካ፣ ሳንዲያጎ ስለተሠራ ጥናትም ነግራኛለች። ከ8 ሺህ በላይ አዋቂዎች ስለ ልጅነታቸው ተጠየቁ፣ ውጤቱም በ2003 እ.ኤ.አ. ወጣ። በልጅነታቸው የተደበደቡ፣ የተደፈሩ፣ እናታቸው ስትመታም ያዩ ሴቶች በፍቅር አጋራቸው የመጠቃት አደጋቸው ሦስት እጥፍ ተኩል ሆኖ ተገኘ። የተመታ ልጅ ሁሉ ሲያድግም ዱላ ይደርስበታል ማለት ግን አይደለም፣ ይሄንን አጥብቃ ነው የነገረችኝ። እኛ አገርም በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ካገቡ ሴቶች 34 በመቶው ከባል ጥቃት ደርሶባቸዋል። "ሴትና አህያ ዱላ ይወዳል" እየተባልን ያደግን ሰዎች ምን ይገርመናል?

ሲስተር "ነገውኑ ጥለሽው ውጪ" አላለችኝም። ሴት ልትወጣ ስትል ነው የሚብሰው፣ ስለዚህ ተዘጋጅተሽ ውጪ አለችኝ። መታወቂያዬን፣ የልጄን የክትባት ካርድና ትንሽ ብር የማምናት ጓደኛዬ ጋ አስቀመጥኩ። የምሄድበትን ቤት ሳላገኝ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ዛሬ እኔና ልጄ በሰላም እናድራለን።

እባካችሁ ሂዱ! ደጋግሜ እላለሁ፣ ሂዱ! የመክፈል አቅም የሌላትን አትመልስም፣ እኔም ምስክር ነኝ። ወንዶችንም ትቀበላለች። በልጅነቱ የተጠቃ ወንድ ሞልቷል፣ አይወራም እንጂ።

ወረፋዋ ረጅም ስለሆነ እስከዚያው ሌላም በር አለ። ጥቃቱ አሁን የደረሰባት ሴት ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ባለው የተቀናጀ ማዕከል ሕክምናውንም፣ ፖሊሱንም፣ ምክሩንም በአንድ ቦታ ታገኛለች። ለነፃ የሕግ ምክር የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማህበር አለ። ማደሪያ ላጣች ደግሞ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማህበር።

የሲስተርን አድራሻ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የምመልሰው ማታ ልጄን ካስተኛሁ በኋላ ነው። ባልሽ ስልክሽን የሚበረብር ከሆነ ግን ከሌላ ሰው ስልክ ጻፊልኝ፣ መልሴን ካነበብሽ በኋላም አጥፊው።