ጥያቄ ለምታበዛው ቴክኒሺያንና ለማይቸኩሉት ሐኪም

የወንድሜ የሊምፎማ (የሊምፍ ዕጢዎች ካንሰር) ሕክምና ተጠናቋል። መድኃኒቱን ያዘዙትንና የሰጡትን ሁሉ አመስግነናል። በሽታው በሰውነት ውስጥ የት እንዳለ የሚጠቁመውን የፔት ሲቲ ምስል የሚያነሱትንና የሚያነቡትን ባለሙያዎች ግን ብዙ ሰው ስለማያስታውሳቸው ይህን የምጽፈው ለእነርሱ ነው። ስማቸው እንዳይነሳ ስለጠየቁ አልጠራቸውም።

በመጀመሪያ ወጣቷን ቴክኒሺያን። ለዚህ ምርመራ ፍሎሪን 18 የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር የተያያዘበት ስኳር በደም ሥር ይሰጣል። አብዛኞቹ የሊምፎማ ዓይነቶች ስኳሩን በብዛት ስለሚስቡ በምስሉ ላይ ደምቀው ይታያሉ። ነገር ግን አንጎልም ይስበዋል፤ ሲሠራ የዋለ ጡንቻም፣ የተቆጣ አካልም፣ ብርድ የመታው ሰው አንገት ሥር ያለ ቡናማ ስብም እንዲሁ። ልጅቷ መርፌውን ከማንሳቷ በፊት ጥያቄ የምታበዛው ለዚህ ነው። መቼ ነው የበሉት? ትናንት ከባድ ሥራ ሠርተዋል? በቅርቡ ክትባት ወስደዋል? በየትኛው ክንድ? ነጭ የደም ሴል የሚያበዛ መርፌ ተሰጥቶዎታል? (ይህ መርፌ መቅኔውን ስለሚያደምቀው አንባቢውን ሊያሳስት ይችላል።) የደም ስኳሩን ለካች፤ ብርድ ልብስ ደረበችለት፤ ከዚያም አንድ ሰዓት ያህል ሳይንቀሳቀስና ሳያወራ እንዲያርፍ አደረገች። ወንድሜን የሚያውቅ ሰው ዝም ማሰኘቷ ብቻውን ሽልማት እንደሚያሰጣት ይመሰክራል።

ሐኪሙ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ምስል ይጠቁማል እንጂ አይፈርድም ባይ ናቸው። ብብት ሥር ያለው ንፍፊት ደምቆ ቢታይም የሊምፎማውን ዓይነት የሚለየው የናሙናው ምርመራ መሆኑን ነገሩን፤ ምስሉ የረዳን ናሙናው ከየትኛው ዕጢ ቢወሰድ እንደሚሻልና በሽታው እስከ የት እንደደረሰ በማሳየት ነው። የመጨረሻው ኬሞቴራፒ እንዳበቃ ቀጠሮውን እንዲያፋጥኑልን ብንለምናቸው እምቢ አሉ። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ካልተጠበቀ በማገገም ላይ ያለ አካል ራሱ በሽታ መስሎ ይደምቃል አሉን። ጥበቃው ከባድ ነበር፤ ነገር ግን ልክ ነበሩ።

ምስሉ ሲደርስ ደረቱ መሃል የነበረው እብጠት አነሰ እንጂ አልጠፋም። ሪፖርቱን ያየ ሁሉ ደነገጠ። እሳቸው ግን አሮጌውንና አዲሱን ምስል ጎን ለጎን ከፍተው አስቀመጡን። በፊተኛው እብጠቱ ከጉበት እጅግ ይደምቃል። በአዲሱ ጣታቸውን እዚያው ላይ አሳርፈው፣ ቀጥሎ ወደ ትላልቆቹ የደም ሥሮች ወሰዱት፤ ድምቀቱ ከደሙ አይበልጥም። በፈረንሳይዋ የዶቪል ከተማ ስም በሚጠራው፣ ድምቀቱ በበረታ ቁጥር ነጥቡ ከፍ በሚልበት ከ1 እስከ 5 ባለው መለኪያ 2 ሰጡት። «የቀረው ጠባሳ ይመስላል፤ በዚህ ምስል ላይ ንቁ በሽታ አላየሁም» አሉ። ከዚህ በላይ ተስፋም አልጨመሩ፣ ስጋትም አልተዉልን።

ስለዚህ ጥቆማዬ ይህ ነው። ይህን ምርመራ የሚያነሳ ቤተሰብ ካላችሁ፣ የዶቪል ነጥቡን በሪፖርቱ ላይ በግልጽ የሚጽፍና የቀድሞውን ምስል ሳያይ አዲሱን የማያነብ ሐኪም ፈልጉ። እንዲህ ያለው ሐኪም የድሮውን ሪፖርት ወረቀት ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ አይበቃውም፤ ምስሎቹን ራሳቸውን በሲዲ ይዛችሁ ሂዱ።